ቀጭን ጥላ የነበረው ገመድ

አገሩን ፈልጋችሁ አትድከሙ። አንዳንዱ ከበረሃው ማዶ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ እዚሁ ከጎናችን ነው ብሎ ይከራከራል፤ ከተከራካሪዎቹ ግን አንዳቸውም ሄደው አላዩትም። የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው። አገሩ አንድ ረጅም አምባ ነበረው፤ አምባው ዙሪያውን ገደል ነው፤ መውጫውም መውረጃውም አንድ ገመድ ነበር። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ከምንም በላይ ገመድ ያከብራል። ሲምል «ገመዱን!» ይላል። ሲመርቅ «አይበጠስብህ» ይላል። ሲራገም የሚለውን እዚህ ባንጽፈው ይሻላል።

ታች በሜዳው ገመድ መግመድ የሚማሩ ተማሪዎች ይኖሩ ነበር፤ ላይ በአምባው ደግሞ ሥራቸውን መርምረው ቃል የሚሰጡ አራሚዎች። ተማሪና አራሚ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ተማሪው ከቃጫ የገመደውን ገመድ ጠቅልሎ በቅርጫት ያስቀምጣል፤ ቅርጫቷ ተስባ ትወጣለች፤ ጥቂት ቆይታ የአራሚውን ቃል ይዛ ትወርዳለች። ቅርጫቷ ከአንድ ጥቅል ገመድ በላይ አትችልም። ሰው ልሳፈርባት ቢል በአንድ ትንፋሽ ታች ይደርስ ነበር፤ መድረሱን የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ነው።

ከአራሚዎቹ አንዷ ትሁኔ ትባል ነበር። ወደ አምባው ስትወጣ ጠጉሯ ጥቁር ነበር፤ አሁን ሸብቷል። ነገር አትወድም፣ ሕግ አትጥስም፣ ከሰው ጋር አትጣላም። አራሚ ወደ ታች የሚወርደው በዓመት አንዴ፣ በገመድ ቀን ነው፤ ትሁኔም ያን ዕለት ወርዳ እናቷን ጠይቃ ትመለሳለች። ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር።

የሥራ ቤታቸው ጥላ ቤት ይባላል። ነጭ አቡጀዲ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥሮበታል። ከአቡጀዲው በስተጀርባ ፋኖስ ይበራል፤ ከፋኖሱ ፊት የተማሪው ገመድ ይሰቀላል፤ አራሚዋ ከዚህኛው ወገን ቁጭ ብላ የገመዱን ጥላ ታያለች። ገመዱን ማየት ክልክል ነው። መንካትማ አይነሳ።

ሕጉ ሲወጣ ክፉ ታስቦ አልነበረም። ድሮ አንድ አራሚ የአማቹን ገመድ በቋጠሮው ለይቶ ያለ አግባብ አሞገሰው አሉ። ንጉሡ ይህን ሰምተው ተቆጡና «ከእንግዲህ ሥራው እንጂ ሠሪው አይታወቅ» ብለው አዘዙ። ሹማምንቱ ግን ትእዛዙን ከንጉሡም አብልጠው ሊያከብሩት ፈለጉ፤ ሠሪው እንዳይታወቅ ሥራውም ባይታይ ይሻላል ብለው አቡጀዲ ወጠሩ። ሹም ሲታዘዝ እንዲህ ነው፤ ውሃ አምጣ ሲሉት ወንዙን ጎትቶ ይመጣል።

ሁለተኛው ሕግ ስለ ቃል ነው። በአንድ ዘመን አንድ ምላሰ መራራ አራሚ ለአንድ ተማሪ «ይህ ገመድ ሳይሆን የሞተ እባብ ነው» ብሎ ላከበት። ተማሪው ተናዶ ጎረቤት አገር ሄደና ሸክላ ሠሪ ሆነ። ጎበዝ ሸክላ ሠሪ ሆኖ ነበር አሉ፣ ይህ ግን ሹማምንቱን አላጽናናቸውም። ተማሪው ሁሉ እንዲህ ጥሎን ቢሄድስ ብለው ተሸበሩና የበጎ ቃል ሹም የሚባል ሹመት ፈጠሩ። በትሁኔ ዘመን ይህን ሹመት የያዙት ብላታ ጠና ነበሩ፤ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ፈገግታቸው የማይጠፋ፣ ሰው ሲሞትባቸው እንኳ «መልካም ጅምር ነው» ይላሉ እየተባለ የሚታሙ ሰው።

ብላታ ለአራሚዎች ሰባት ቃል ብቻ ፈቀዱ። ቃሎቹ በእንጨት ቅርፊት ላይ ተቀርጸው በሣጥን ተቀመጡ፦ ዕፁብ ድንቅ፣ እሰይ የኔ አንበሳ፣ እጅህ ይባረክ፣ ግሩም ነው፣ ደህና ነው፣ መልካም ጅምር፣ በርታ። ከሁሉ የመጨረሻው በርታ ነው፤ በዚያ አገር ከዚህ የከፋ ቃል ለተማሪ አይነገርም። አራሚዋ ጥላውን ታያለች፣ ከሣጥኑ አንድ ቅርፊት ታነሳለች፣ ቅርጫቷ ውስጥ ትጥላለች፣ አለቀ። ከራሷ አንዲት ቃል ብትጨምር ወንጀል ነው።

ተማሪውም በተራው ለአራሚው ጠጠር ይልካል። ደስ ካለው ነጭ፣ ቅር ካለው ጥቁር። ወሩ ሲያልቅ ጠጠሩ በአደባባይ ይፈስሳል፤ ጥቁር የበዛባት አራሚ ለሹማምንቱ ውሃ ስትቀዳ ትከርማለች። በዚህ ላይ አጋፋሪ ደርበው የሚባል የፍጥነት ሹም አለ። ሥራው በጥላ ቤት ደጃፍ የተተከለ እንጨት ጥላው ድንጋይ ላይ ሲደርስ «ቅርጫት ይውረድ!» እያለ መጮህ ነው። ደመና ሲሆን እንኳ በግምት ይጮሃል።

የትሁኔ ጎረቤት ባንቻየሁ ለዚህ ኑሮ የተፈጠረች ነበረች። ጥጥ እየፈተለች ነው የምታርመው። ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳትነቅል እጇን ወደ ሣጥኑ ትሰድና የመጣላትን ታነሳለች።

«አንቺ፣ ጥላውን እንኳ አላየሽው እኮ» ትላታለች ትሁኔ።

«ወፍራም ነው ቀጭን?»

«ወፍራም።»

«በይ እንግዲህ፣ ዕፁብ ድንቅ ነው» ትላለች ባንቻየሁ። የሷ ጠጠር ሁልጊዜ ነጭ ነው።

ተማሪ ደግሞ ሞኝ አይደለም። የሚታየው ጥላ መሆኑን፣ ወፍራም ጥላም እንደሚወደስ ቶሎ ደረሰበት። ቃጫ ውድ ነው፣ ድካምም አለው፤ ገለባ ግን በየአውድማው ወድቋል። እንግዲህ ገለባውን መሀል አድርገው፣ ቃጫውን እንደ ልብስ ላዩ ላይ መጠቅለል ጀመሩ። ከሁሉም ያማረ ጥላ የነበረው ጎሹ የሚባል ተማሪ ነው። ጎሹ መጥፎ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ አጥብቆ የገመደውን ልኮ «በርታ» ተባለ፤ ገለባ ጨምሮ ላከና «እሰይ የኔ አንበሳ» ተባለ፤ ብዙ ገለባ ጨምሮ ላከና «ዕፁብ ድንቅ» ተባለ። የተማረውን ነው የሠራው።

ይህን ሁሉ ዓመት ጉዳት ያልመጣው በአምባው ላይ የተሰቀለው አሮጌው ገመድ ከእነዚህ ሕጎች በፊት የተገመደ ስለነበር ነው። ነገር ግን እሱም አረጀ፤ ከወገቡ መተርተር ጀመረ። ዘንድሮ ይለወጥ ተባለ። ገመድ በሚለወጥበት ዓመት የገመድ ቀን ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ጠዋት አሮጌው ገመድ ይቆረጥና ለበረከት ለየሰው ይታደላል፤ ቀጥሎ የዓመቱ ምርጥ ገመድ ይሰቀላል፤ ከዚያ አራሚዎች በሱ ወደየዘመዶቻቸው ይወርዳሉ። የዓመቱ ምርጥ ደግሞ የጎሹ ነው። ገመዱ በቀይ ግምጃ ተጠቅልሎ በክብር ተቀምጧል።

እንግዲህ ወደ አንማው እንምጣ። አንማው ልጅ ወልዶ የዳረ ጎልማሳ ነው፤ አባቱም አያቱም ገመድ ገማጅ ነበሩ፤ ሌላ ሙያ አያውቅም። የሱ ገመድ ጥላ ግን ቀጭን ነበር። በተማሪዎቹ ሁሉ መካከል ያን ያህል ቀጭን ጥላ አልነበረም። መጀመሪያ ላከ፣ «በርታ» ተባለ። በርትቶ ገምዶ እንደገና ላከ። አሁንም «በርታ» ተባለ። ሁለቱንም ጊዜ ቅርፊቱን ያነሳችው ትሁኔ ነበረች። ሦስት ጊዜ «በርታ» የተባለ ተማሪ ከዚያ ወዲያ ቃጫ እንዳይነካ ይከለከላል።

አንማው ከገደሉ ሥር ቆሞ አፉን በእጁ ከልሎ ጮኸ፦

«ኧረ እናንተ የላይኞቹ! በምኑ ልበርታ?»

ለተማሪ ጥያቄ የሚመልስ ሌላ ሰው አያስፈልግም፤ አጋፋሪ ደርበው ይህንንም ደርቦ ይዞታል። ከአፋፉ ብቅ ብሎ ሕጉ የሚያዘውን መለሰ፦

«ጥያቄህ ደርሶናል!»

«ደርሷችሁስ?»

«ደርሶናል!» አለና ተመለሰ።

አንማው በማግስቱም መጣ፣ በሳልስቱም መጣ። «በምኑ ልበርታ? በመግመዱ ነው፣ በቃጫው ነው፣ በቋጠሮው ነው? አንዷን ብቻ ንገሩኝ!» ገደሉ ድምፁን እየተቀበለ ያስተጋባል። አራሚዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ለመዱት፤ ባንቻየሁማ ጧት ካልሰማችው ቅር ይላት ጀመር። ትሁኔ ግን አልሳቀችም። በርታ ብላ የላከችው እሷ ናትና ያ ሰው የሚጠይቀው እሷን መሆኑን ታውቃለች፤ መልስ እንደሌላትም ታውቃለች። ጥላው ቀጭን ነው ከማለት በቀር ስለ ገመዱ የምታውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ይህ አሳፈራት።

የገመድ ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የአንማው ቅርጫት ለሦስተኛ ጊዜ ወጣች። ከቅርጫቷ ጋር ድምፁም መጣ፦

«እሺ፣ የማትነግሩኝ ከሆነ ተዉት! ከእንግዲህ እኔም እንደ ሰዉ ገለባ እከትበታለሁ! ገለባ እንደሆነ ሞልቶኛል!»

ትሁኔ የያዘችው ቅርፊት ከእጇ ወደቀ። «ምን አለ? ገለባ ነው ያለው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች ባንቻየሁ፣ እንዝርቷን እያሾረች።

አቡጀዲው ላይ ያ ቀጭን ጥላ ተሰቅሏል። ትሁኔ ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ አቡጀዲውን ከሥሩ ገለጥ አድርጋ እጇን ሰደደችና ገመዱን ጨበጠችው። ጠንካራ ነበር። ጣቷ በክርና በክር መሀል መግቢያ አጣ። ጎትታ ሞከረችው፤ የተሰቀለበት ምሰሶ ተንቀጠቀጠ እንጂ እሱ አልሳሳም። ጥላው የቀጠነው ስለጠበቀ ነበር። እሷም ይህን ሰው ሁለት ጊዜ በርታ ብላዋለች።

ተነስታ የጎሹ ገመድ ወዳለበት ክፍል ሄደች። ግምጃውን ገልጣ ገመዱን በሁለት እጇ ጨመቀችው። እንደ ትራስ ሰረጎደና ተንኮሻኮሸ። ስትለቀው ጣቷ ላይ አንዲት የገለባ ስባሪ ተሰክታለች። በዚህ ገመድ እሷ፣ ባንቻየሁና ሌሎቹ አራሚዎች በሳምንቱ መጨረሻ ገደል ይወርዳሉ። ግምጃውን መልሳ ሸፈነችና ወጣች።

ብላታ ጠና ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

«ብላታ፣ የጎሹ ገመድ ውስጡ ገለባ ነው። ሰው አይሸከምም።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«እጄ።»

የብላታ ፈገግታ አልጠፋም። «እጅሽ ከመቼ ወዲህ ነው አራሚ የሆነው? የተሾመው ዓይንሽ ነበር።»

«ብላታ፣ እባክዎ ራስዎ መጥተው ይንኩት። አንዴ ቢጨብጡት ይበቃል።»

«እኔ የበጎ ቃል ሹም ነኝ፣ ገመድ ጨባጭ አይደለሁም» አሉ። «ደግሞስ ዕፁብ ድንቅ የተባለ ገመድ እንዴት ይበጠሳል? ስንት ጊዜ ነው የተባለው! ራስሽም ብለሻል።»

«ብያለሁ። ያፈርኩትም ለዚሁ ነው።»

«እንግዲያው እፈሪና ዝም በይ። እፍረት ጥሩ ነው። መልካም ጅምር ነው።»

ትሁኔ እጅ ነስታ ወጣች። ወደ ጥላ ቤት መመለስ ነበረባት፤ እግሯ ግን ወደ አፋፉ ወሰዳት። አንማው ከታች እንደ ጉንዳን አንሶ ቆሟል። የእንጨቱ ጥላ ድንጋዩ ላይ ደርሷል፤ አጋፋሪ ደርበው «ቅርጫት ይውረድ!» እያለ ይጮሃል። እሷም ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት ራሷም አታውቅም ነበር።

«አንተ ሰውዬ! ገመድህ ጠንካራ ነው! ገለባ እንዳታስገባበት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እሷ ደግሞ አፋፉ ላይ ሆና ነው ያወጣችው። ማንም ሊመልሰው አልቻለም። ገደሉ ደጋግሞ አስተጋባው፤ በየመንደሩ ያለ ተማሪ ሁሉ ሰማው። ሰባቱ ቃል ከተደነገጉ ጀምሮ አራሚ በገዛ ቃሉ ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱ ሸንጎ ተቀመጠ። ክሱ ሁለት ነው፤ አንደኛው እጅ፣ ሁለተኛው ምላስ። ስለ ገለባው የጠየቀ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ለመሆኑ ገመዱን ድንጋይ የተሞላ ጆንያ አስረን ብንሞክረውስ?» ብለው ነበር፤ ወዲያው ገመድ በጥላው እንጂ በሸክም አይፈተንም የሚለው ሕግ ተነበበላቸውና ይቅርታ ጠይቀው ተቀመጡ።

ፍርዱን ብላታ ጠና ተናገሩ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር።

«ትሁኔ ልጃችን ናት፣ ልንጎዳት አንፈልግም። በገመድ ቀን በሕዝቡ ፊት ቆማ ዕፁብ ድንቅ የሚለውን ቅርፊት በጎሹ ገመድ ላይ ካስቀመጠች ምረናታል፤ ወንበሯም አይነካም። አልፈልግም ካለች ግን ትባረራለች። የተባረረ ሰው ደግሞ በክብር ገመድ አይወርድም፤ ሕጉ እንደሚለው ከሁሉ ባነሰው፣ በርታ በተባለው ገመድ ይወርዳል። ተመልሳ እንዳትወጣበትም ገመዱ ተፈትቶ ከኋላዋ ይጣላል።»

አንማው ሦስተኛውን «በርታ» ያገኘው ያን ዕለት ነው። ትሁኔ ስለታሰረች ቅርፊቱን ያነሳችው ባንቻየሁ ነበረች፤ ያነሳችውም ሳታይ ነው።

ባንቻየሁ ክፉ ሴት አልነበረችም። ምሳ ይዛላት መጣችና ከአጠገቧ ቁጭ አለች። እንዝርቷን ቤት ጥላው መጥታለች።

«ምን አለበት፣ አስቀምጪላቸውና ተገላገይ» አለቻት። «አንድ ቅርፊት ነው። ስንቱን አስቀምጠን የለ!»

«ካስቀመጥኩስ በኋላ በምን ልወርድ ነው እናቴን ልጠይቅ?»

«በ... በአዲሱ ነዋ።»

«አንቺስ?»

ባንቻየሁ እንጀራውን ቆርሳ ያዘች እንጂ አልጎረሰችም። «እኔ ዘንድሮ እግሬን ያመኛል» አለች በመጨረሻ። «የምቀር ይመስለኛል።»

ትሁኔ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ያን ጊዜ ነው የገባት። ገለባ መሆኑን ያላወቀች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

የገመድ ቀን ደረሰ። ነጋሪት ተጎሰመ፣ እልል ተባለ። አሮጌው ገመድ ከአፋፉ ተስቦ ወጣ፤ በመጥረቢያ እየተከተፈ ለየሰዉ ታደለ፤ ሰዉ ቁራጩን እየሳመ አንገቱ ላይ አሰረው። ቀጥሎ የጎሹ ገመድ በግምጃው እንዳለ መጣ። ሰው ሁሉ «አቤት ውፍረቱ!» አለ፤ ልጆች ሊነኩት ሲሉ ተገፉ። ብላታ ጠና ዕፁብ ድንቅ የሚለውን ቅርፊት በሰሐን አስይዘው ወደ ትሁኔ ቀረቡ።

ትሁኔ ቅርፊቱን አየችው። ስንት ዓመት ያነሳችው ነው፤ ጠርዙ በእጇ ሟሽሿል። ወንበሯን ትወደው ነበር። እናቷንም አሰበች፣ ገደሉንም አሰበች።

«በቀጭኑ እወርዳለሁ» አለች።

የአንማው ገመድ ከምሰሶው ታሰረ። ከጎሹ ገመድ ጎን ሲታይ የሚያሳዝን ነበር፤ ሰዉም አዘነላት፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ትሁኔ ፈራች። ጨብጦ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ተንጠልጥሎ ማወቅ ሌላ ነው። ዓይኗን ጨፍና በአምላኳ ስም ጀመረች።

ገመዱ ተንጣጣ፣ ተወጠረ፣ ያዘ። እጅ በእጅ ወረደች። ክንዷ ዛለ፣ መዳፏ ተላጠ፣ ገመዱ ግን አልከዳትም። መሬት ልትደርስ የቁመቷ ያህል ሲቀራት ነበር ነገር የተበላሸው። እዚያ ላይ ገመዱ ላልቶ ኖሮ ክሮቹ በእጇ ውስጥ ተፈቱና ተንሸራታ ዱብ አለች፤ በመቀመጫዋ።

አንማው እጁን በራሱ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ሮጦ መጣ።

«ተጎዱ እንዴ፣ እትዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«አልተሰበሩም?»

«አልተሰበርኩም አልኩህ።»

አንማው እሷን አየ፣ ገመዱን አየ፣ አቀረቀረ፤ ሊናገር ፈልጎ ተወው፤ መተው ግን አልቻለም።

«እንግዲያስ እንዲያው ከመጡ አይቀር...» አለ፤ «በምኑ ልበርታ?»

ትሁኔ ሳቀች። ከሳቋ ጋር እንባዋም መጣ። ይህን ጊዜ ከላይ ገመዱ ተፈታ፤ በፍርዱ መሠረት እየተጠማዘዘ መጥቶ እግራቸው ሥር ተከመረ። ትሁኔ ጫፉን ፈልጋ አነሳችውና በተላጠ መዳፏ ይዛ አሳየችው።

«ከላይ እስከ ታች ግሩም አድርገህ ገምደኸዋል፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ አልጨበጥኩም። እዚህ ጫፉ ላይ ስትደርስ ግን ደክሞሃል መሰለኝ፣ እጅህ ላልቷል። ቋጠሮውም ቸኩሏል። እስከዚህ ድረስ ፍታውና እንደገና አጥብቀህ ግመደው።»

አንማው ጫፉን ተቀብሎ በጣቱ ዳሰሰው። ፊቱ በራ። «መሽቶብኝ ነበር እኮ» አለ። «እውነትዎን ነው፣ እዚህ ላይ መሽቶብኝ ነበር!» ወዲያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መፍታት ጀመረ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ላይ በአምባው የጎሹ ገመድ ተሰቅሏል። የመጀመሪያው ወራጅ እንዲሆኑ ብላታ ጠና ተጋበዙ።

«አጋፋሪ ይቅደሙ» አሉ ብላታ።

«ኧረ ምን ሲደረግ! ብላታ እያሉ?»

«ግዴለም፣ የፍጥነት ሹም እርስዎ ነዎት።»

«እግዜር ያሳይዎት፣ በታላቅ ላይ ቀድሜ አላውቅም። ይቅደሙ።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት፣ አይሆንም!»

አራሚዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ሁሉም እግሩን አሞታል። ከሸንጎው ሽማግሌዎች አንዱ ዘንድሮ ዘመድ ባይጠየቅ ምን ይላል አሉ። በዚያ አምባ ላይ ያን ያህል ትሕትና ታይቶ አይታወቅም። የእንጨቱ ጥላ ድንጋዩን አልፎ ሄደ፤ የጮኸ ግን አልነበረም። የክብሩ ገመድ ወፍሮና አምሮ በነፋስ ይወዛወዛል፤ አልፎ አልፎም አንዳንድ ገለባ ከውስጡ እየወጣ ወደ ሜዳው ይወርዳል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአፋፉ ብዙ ራስ ብቅ አለ።

«ትሁኔ! ያንን ቀጭኑን በቅርጫት መልሱልን!»

«ገና ነው!» አለች ትሁኔ ወደ ላይ። «ጫፉ ተፈትቷል፤ እየታረመ ነው!»

«እስከዚያስ እኛ ምን እንሁን?»

ትሁኔ የተላጠ መዳፏን እያየች ጥቂት አሰበች። ሰባቱን ቃላት በልቧ አንድ በአንድ አለፈቻቸው፤ ለዚህ ጉዳይ የሚሆነው የመጨረሻው ነበር።

«በርቱ!»

ከዚያ ለስላሳ ድምፅ ከገደሉ ወረደ፤ ፈገግታ ግን አልነበረበትም።

«በምኑ እንበርታ?»

አንማው ራሱን አላቀናም።

«ጥያቄዎ ደርሶናል!» አለና ቃጫውን በውሃ አርሶ ጫፉን እንደገና መግመድ ጀመረ።